ትርፍ አንጀት፣ ትርፍ ጨርቅ

በልብስ ሰፊ ቋንቋ «ትርፍ» ማለት በስፌቱ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ጨርቅ ነው። ከውጭ አይታይም፤ ልብሱ የጠበበ ወይም ያጠረ ቀን ስፌቱ ይተረተርና ይለቀቃል። የተማሪ ደንብ ልብስ ይሰፋበት በነበረ አንድ ቤት ውስጥ ይህን ትርፍ ከሁሉም አብልጣ የምትተው ሴት ነበረች። ስሟ ሌላ ነው። ባልደረቦቿ ግን «ትርፌ» አሏት፤ ቅጽል ስሙም ከሥራ ቦታ ተከትሏት ቤቷ ገባና ባሏም በዚያው ይጠራት ጀመር።

የስፌት ቤቱ ዛሬ የለም። ያኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ የቆመ ረጅም ክፍል ነበር። መስኮቶቹ የሚያዩት የአጥሩን ግንብ ብቻ ስለሆነ ሴቶቹ ሰዓት የሚያውቁት በትምህርት ቤቱ ደወል ነው። የእረፍት ደወል ሲደወል የልጆቹ ጩኸት በግንቡ ላይ ዘልሎ ይገባና የስፌት መኪናዎቹን ድምፅ ይውጠዋል። ከወለሉ ላይ ሰማያዊ የክር ብናኝ አይጠፋም። ሠራተኞቹ ቤታቸው ገብተው ጫማ ሲያወልቁ የካልሲያቸው መርገጫ ሰማያዊ ነው። መሀል ላይ የመቁረጫው ጠረጴዛ አለ፤ ጠርዙ በቆራጮች ሆድ ተፈትጎ ለስልሷል።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ የነገሡት ጋሼ መቀስ ነበሩ። የቆራጮቹ አለቃ ናቸው፤ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በላስቲክ ከጭንቅላታቸው ጋር ያሰሩ፣ ጣቃውን ሲዘረጉ ከጨርቁ ጋር የሚነጋገሩ ሰው። «ተኛ፣ ተኛ አንተ» ይሉታል። ትርፌ ገና ልጅ እግር ሆና ስትቀጠር መጀመሪያ ያስተማሯት የመቀስ አያያዝ አልነበረም። የአንዲት ትንሽ ቀሚስ ጫፍ ገልብጠው እጥፋቱን አሳዩዋት።

«ይሄ የማን ነው?» አሏት።

«የቀሚሱ።»

«አይደለም። ቀሚሱ የዘንድሮዋ ልጅ ነው። ይሄ የከርሞዋ ነው።»

ትርፌ ነገሩን ከሚገባው በላይ ያዘችው። ሌሎቹ ሁለት ጣት ሲያጥፉ እሷ አራት ታጥፋለች። የቤቱ ባለቤት በክምሩ መሀል ሲያልፍ አንዱን ቀሚስ ያነሣና «ትርፌ፣ ይሄ ሁሉ ጨርቅ ለማን ነው?» ይላታል። «ላላደገችው» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ። ባለቤቱ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። በዚያ ሰፈር ያደገች ሴት ሁሉ የልጅነት ቀሚሷን ብታስታውስ ጫፉ ላይ የነበሩትን መስመሮች ታስታውሳለች። እጥፋቱ በተለቀቀ ቁጥር ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ ጠቁሮ ይወጣል፤ ቀሚሱም ከላይ ወደ ታች እየጠቆረ የሚሄድ ይሆናል። ልጆቹ ያፍሩበት ነበር። ዛሬ ፎቶግራፉን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያሳዩት ያንን ነው።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የተዋወቁት በኮት ነበር። የደንብ ኮቱ ጎኑ ላይ ጠቦት እንድታሰፋለት አምጥቶ ነበር። ውስጡን ገልብጣ አየችና መለሰችለት።

«ትርፍ የለውም። የሰፋልህ ሰው ትወፍራለህ ብሎ አላሰበም።»

«እኔም አላሰብኩም ነበር» አለ ሾፌሩ። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ወይ ሌላ ኮት፣ ወይ ሌላ ቤት መብላት።»

ሁለቱንም አደረገ። ሌላ ኮት አሰፋ፤ ምሳውንም እሷ የምትበላበት ሻይ ቤት ይበላ ጀመር። ሳይከሳ ተጋቡ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል «ቁጥር አንድ» የሚሉት የትንሹ ቀሚስ ክምር በትርፌ መኪና አጠገብ ይቆለላል። ቁጥር አንድ ሲሰፋ መኪናው ገና ሳይሞቅ ያልቃል፤ ወገቡ ከሁለት መዳፍ አይበልጥም። ትርፌ የምትፈልገው ከእነዚህ አንዱን ለገዛ ልጇ ወደ ቤቷ ይዛ መሄድ ነበር፤ ልጅ ግን አልመጣም። መጀመሪያ ስለዚህ ነገር ትቀልድ ነበር፤ ቀጥሎ ዝም አለች፤ በኋላ ደግሞ የቁጥር አንድ ክምር ሲመጣ «ለሌላ ስጡልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» ማለት ጀመረች። ዓይኗ እንዳልደከመ ሁሉም ያውቃል።

ከጎኗ የምትቀመጠው ቁልፍ ሰፊዋ የአምስት ልጆች እናት ናት። ርኅራኄዋን የምታሳየው በተረብ ነው።

«እኔ እኮ ሰውዬው ሱሪውን በር ላይ ሲሰቅለው አረግዛለሁ።»

«መስቀያውን ንቀይዋ።»

«ነቅዬው ነበር። ወንበር ላይ ጣለው፣ አራተኛው መጣ። ይልቅ አንዱን ውሰጂ። ሁለተኛውን ብትወስጂ ይሻልሻል፣ ብዙ አይበላም።»

ጎረቤት እንደሚጠብቀው ቢሆን ኖሮ የባል እናት ጣቷን ወደ ምራቷ ትቀስር ነበር። የሾፌሩ እናት ግን አንድ ቀን ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው «መጀመሪያ አንተ ተመርመር» አሉት።

«እኔ ደህና ነኝ፣ እማማ።»

«ማን ነገረህ? የአውቶቡሱ መሪ?»

ሄዶ ተመረመረ። ደህና ነበር። ውጤቱን ሲነግራቸው «ደግ» አሉ። «እንግዲህ አሁን አብረሃት ሂድ። ሴት ልጅ ብቻዋን ስትመላለስ ጥፋተኛ ትመስላለች።»

አብረው ሄዱ። የመጀመሪያው ሐኪም ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቃት፤ የወር አበባዋ ጊዜውን ይጠብቅ እንደሆን፣ ስኳር ወይም ግፊት እንዳለባት፣ ኦፕራሲዮን ሆና ታውቅ እንደሆን። «ሆኜ አላውቅም» አለች። እንቁላል የሚያጎለብት ኪኒን አዘዘላት፤ ወሰደች፤ ምንም አልመጣም። እንቁላሏ ኪኒን ሳያስፈልገው በየወሩ ራሱ ይጎለብት ነበር።

በሁለተኛው ክሊኒክ አልትራሳውንድ የሚያነሣው ባለሙያ ሆዷን ሲገልጥ በስተቀኝ በኩል፣ ከዳሌዋ አጥንት ከፍ ብሎ፣ ወፍራም ጠባሳ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ትርፍ አንጀት ነው።»

«እሺ» አለና የሚቀባውን ቀባ። ማህፀኗ ውስጥ እጢ የለም፤ ግድግዳው ንጹሕ ነው፤ እንቁላል የሚያድግበትም ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው ተብለው ተመለሱ። «ሁሉም ደህና ነው» የሚለው ቃል ከበሽታ ስም በላይ አደከማት። በሽታ ቢሆን ስም አለው፤ ይዋጉታል።

ያታለላቸው ቃሉ ነበር። በዚህ ቋንቋ የሚናገር ሁሉ ያንን የአንጀት ቁራጭ ትርፍ ይለዋል፤ ቢኖር ባይኖር ግድ የማይሰጥ፣ ከቤት እንደሚወጣ አሮጌ ወንበር። ትርፍ ሲወጣ ኦፕራሲዮን አይባልም። «ትርፍ አንጀቷ ወጣ» ይባላል፣ ጥርሷ ወጣ እንደሚባለው። ትርፌ የዋሸች አልመሰላትም፤ ባለሙያውም የዘለለ አልመሰለውም። ለአንድ ቀሚስ ጫፍ ስትል ከባለቤቱ ጋር የምትከራከር ሴት ግን በገዛ ሆዷ ላይ ትርፍን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ሌላም ምክንያት ነበረው። ያ ሕመም በትዝታዋ ውስጥ የተቀመጠው ከሕመም ጋር አልነበረም።

ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ሆዷን አማት። እናቷ ሙቅ ውሃ አጠጣቻት፤ አባቷ ነገ ይሻላታል አለ። በማግሥቱ ሕመሙ እንደ ሻማ ድንገት ጠፋ። «ተሻላት» ተባለ፤ ቤቱ ደስ አለው። ሲመሽ ትኩሳቱ መጣ፤ ሆዷም እንደ ጣውላ ደረቀ። አናጺው አባቷ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ታቅፏት ወደ ሆስፒታል ሮጠ፤ የሸሚዙ የእንጨት ብናኝ ጉንጯ ላይ ተጣብቆ እንደነበር ታስታውሳለች። ትርፍ አንጀቷን አወጡት። ጎኗ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ተውላት፤ በእሱ በኩል ለብዙ ጊዜ ቢጫ ፈሳሽ ይወርድ ነበር።

ብዙ ጊዜ ተኛች። አባቷ ቤት ውስጥ ከአንድ ቃል በላይ የማይናገር ሰው ነበር። እዚያ ግን ከሥራው ሲወጣ ይመጣና አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥላታል፤ ልጣጩን ሳይበጥስ፣ አንድ ረጅም ጥምዝ አድርጎ። ስለ በር ያወራላታል። የትኛው በር ለምን እንደሚንጫጫ፣ አንድ ሰው ቤቱን ሠርቶ በሩን የረሳበትን ጊዜ። ነርሷ ክሩን ከሆዷ ላይ ስታወጣ ልጅቷ አንገቷን አስግጋ አየች፤ የመጀመሪያዋን ስፌት ያጠናችው በራሷ ቆዳ ላይ ነው። ቤቷ ስትመለስ አጎቷ በር ላይ ተቀብሏት «አይዞሽ፣ የሄደው ትርፉ ነው፤ ዋናው አለ» አለ። ቀልዱ ለዓመታት ቤት ውስጥ ቆየ። አባቷ ከሞተ በኋላ ደግሞ ከልጅነቷ ወራት ሁሉ መርጣ የምትመለስበት ያ ሆነ። እንዲህ ያለውን ጊዜ ማንም ሐኪም ፊት «ሕመም» ብሎ አይቆጥረውም።

ሦስተኛዋ ሐኪም ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ናት። እሷ የጠየቀችው በሌላ ቃል ነበር።

«ሆድሽ ተከፍቶ ያውቃል?»

«ለትርፍ አንጀት ብቻ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «‹ብቻ› የሚለውን ተይውና ንገሪኝ። ሳይፈነዳ ነው የወጣው፣ ከፈነዳ በኋላ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ዶክተር፤ ልጅ ነበርኩ።»

«ቶሎ ወጣሽ ከሆስፒታል?»

«ኧረ ቆይቻለሁ። ጎኔ ላይ ቱቦ ሁሉ ነበረ።» ይህን ስትል ትርፌ ፈገግ ብላ ነበር፤ ብርቱካኑ ትዝ ብሏት። ሐኪሟ ፈገግ አላለችም።

ሾፌሩ የሐኪሟን ፊት አየና ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሣ። «ትርፍ አይደለም እንዴ?» አለ።

«አንጀቱ ትርፍ ሊሆን ይችላል» አለች ሐኪሟ። «መግሉ ግን ትርፍ አይደለም። ሲፈነዳ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ያለው ማህፀን ነው። ሰውነት ቁስሉን ሲያድን ያገኘውን ካገኘው ጋር ያጣብቃል። የማህፀንሽን ቱቦዎች ማየት አለብን።»

ምርመራው በራጅ ነበር። በማህፀኗ አፍ በኩል በራጅ የሚታይ ፈሳሽ አስገቡ፤ የወር አበባ ቁርጠት ዓይነት ግን የበረታ ሕመም አለው፤ ደግነቱ ቶሎ ያልፋል። ፊልሙን ሐኪሟ መብራት ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። መሀል ላይ ነጭ ሦስት ማዕዘን አለ፤ ማህፀኑ ነው። ከሁለቱ ጫፎቹ ቀጭን ክር የመሰሉ ሁለት ቱቦዎች ይወጣሉ። ደህና ቢሆኑ ፈሳሹ በጫፋቸው ወጥቶ ሆድ ውስጥ ይበተን ነበር። የቀኙ ጫፉ ላይ አብጦ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኗል። የግራው እስከ መጨረሻው ደርሶ እዚያው ቆሟል። የተበተነ ነገር የለም።

ያን ቀን ቤት ሲገቡ ሾፌሩ «እኔ አልገባኝም» አለ። ትርፌ ከመሳቢያ አንድ ያላለቀ ቀሚስ አወጣች። ላስቲክ የሚገባበት ወገብ ነበረው፤ ልክ እንደ ቱቦ የተሰፋ። የላስቲኩን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ወጋችና በቀዳዳው አስገብታ በጣቷ እየገፋች ወሰደችው። መሀል ላይ ቆመ።

«ለምን ቆመ?»

«መኪናው ሲያልፍ ፊትና ጀርባውን አብሮ ሰፍቶት ነው። ከውጭ ብታየው ምንም የለውም።»

ሾፌሩ የቆመበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። «መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው» አለ።

«አዎ።»

«ሲዘጋ ምን ታደርጋላችሁ?»

«መተርተር ነዋ።»

ሐኪሟ ምንም ቃል አልገባችላቸውም። ያበጠው የቀኝ ቱቦ መውጣት አለበት፤ የቋጠረው ውሃ ወደ ማህፀን እየተመለሰ ሊያድግ ያሰበውን ሁሉ ያበላሻል። የግራውን ከተጣበቀበት አላቅቀው ጫፉን ይከፍቱታል። ጫፉ እንደ ሻርፕ ዘርፍ ነው፤ እንቁላሉን የሚያፍሰው በዚያ ዘርፍ ነው። ዘርፉ በሕይወት ካለ ተስፋ አለ፤ ከሌለ እንቁላሉን አውጥቶ በብልቃጥ ማዳቀል ይቀራል፤ ያኔ ለዚያ ሩቅ አገር መሄድ ያስፈልግ ነበር። የተላቀቀው ደግሞ ተመልሶ ሊጣበቅ ይችላል።

ትርፌ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ሲተረተር ጨርቁ አይቀደድም?»

ሐኪሟ የትርፌን ሥራ ያወቀችው ያን ጊዜ ይመስላል። «አሮጌ ስፌት ነው» አለች። «ቀስ እላለሁ።»

ጋሼ መቀስ ነገሩን ሲሰሙ ጠረጴዛቸውን ትተው ወደ መኪናዋ መጡ። ይህን የሚያደርጉት ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። «ትልቅ ይከፍቱሻል?» አሉ።

«አይ ጋሼ፣ በእምብርቴ በኩል ካሜራ ያስገባሉ። ሌሎቹ ቀዳዳዎች የቁልፍ ቤት ያህል ናቸው።»

«የትኛው ቁልፍ? የሸሚዝ ነው የካፖርት?»

«የሸሚዝ።»

«ደህና» አሉና ተመለሱ። ሲቆርጡ ግን ያን ቀን ከጨርቁ ጋር አልተነጋገሩም።

ከማደንዘዣው ስትነቃ ሾፌሩ አጠገቧ ነበር። ብርቱካን እየላጠ ነው፤ ስለ አባቷ ነግራው ስለነበር። ልጣጩ በየቦታው ተበጣጥሷል።

«ምን አሉ?» አለችው፤ ምላሷ ከብዷታል።

«አንዱ መስመር ተሰርዟል። ሁለተኛው ተከፍቷል። ዘርፉ አለ አለች።» ልጣጩን ከአልጋው ላይ እየለቀመ «ተሳፋሪ ግን ቃል አልገባችም» አለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ከቀድሞው ይከብድ ነበር። በፊት ምክንያቱን አታውቅም፤ አሁን አንድ መንገድ እንዳላት ታውቃለች። ሐኪሟም አስጠንቅቃታለች፤ የተጠገነ ቱቦ ውስጥ ጽንስ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ከቀረ ቱቦውን ያፈነዳል፤ ስለዚህ የወር አበባዋ ዘገየ ማለት ደስታ ከመሆኑ በፊት ወደ እሷ መሮጥ ነው። ትርፌ ተስፋንና ፍርሃትን በአንድ መርፌ ሰካቻቸው። ቁልፍ ሰፊዋ እንኳ ስለ ሱሪ መቀለድ ተወች። የቁጥር አንድ ክምር ሲመጣ ግን ትርፌ «ለሌላ ስጡልኝ» ማለቷን አቆመች። አንድ ወቅት ሙሉ ሰፋችው።

የወር አበባዋ የዘገየው ቁጥር አንድ አልቆ መኪናዎቹ ዘይት በሚቀቡበት ጊዜ ነው። ለቁልፍ ሰፊዋ እንኳ ሳትነግር ባሏን ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጠርታ ሄዱ። ምርመራው ማርገዟን አሳየ። ማንም እንኳን ደስ አለሽ አላላትም፤ ገና ነበር። ቦታው እስኪታይ ድረስ በደም ምርመራ እየተከታተሏት ጥቂት ጊዜ ጠበቁ። በቀጠሮዋ ሐኪሟ መብራቱን ቀንሳ የአልትራሳውንዱን እጀታ ከወዲያ ወዲህ ታዞር ጀመር። ሾፌሩ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ መሪ ያሽከረክረዋል። ሐኪሟ የግራውን ጎን አየች፤ ተመለሰች፤ መሀል ላይ ቆመች።

«ቦታው ላይ ነው» አለች።

«የት?» አለች ትርፌ።

«ቦታው ላይ። ማህፀን ውስጥ። መንገድ ላይ አልቀረም።»

ሾፌሩ ባርኔጣውን ደፋ፤ ወዲያው ደግሞ ቤት ውስጥ መሆኑ ትዝ ብሎት አወለቀ። ትርፌ አላለቀሰችም። ከአልጋው ወርዳ ልብሷን ስታስተካክል የቀሚሷን ወገብ በሁለት ጣቷ ይዛ ከውስጥ ገለበጠችው።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

«ትርፍ እንዳለው እያየሁ ነው።»

የተወለደችው ሴት ናት። ሁለተኛ አልመጣም፤ የግራው ቱቦ ተመልሶ ተጣብቆ ይሁን አይሁን ያወቀ የለም፤ ትርፌም አላስመረመረችም። ከዚያ ወዲያ ከስፌት ቤቱ ሴቶች ወደ ሐኪም የምትሄድ ባለች ቁጥር ከመኪናዋ ቀና ብላ «ትርፉንም ንገሪ» ትላት ነበር። አዲሶቹ ትርጉሙን ሳያውቁ ይስቃሉ። ቁልፍ ሰፊዋ ትነግራቸዋለች፣ በራሷ አጨማመር።

ልጅቷ ገና አፏን ሳትፈታ የስፌት ቤቱ ሥራ ቀዘቀዘ። ትምህርት ቤቶቹ የደንብ ልብስ ከፋብሪካ ማዘዝ ጀመሩ። ትርፌ አንዱን የፋብሪካ ቀሚስ አግኝታ ጫፉን ገለበጠች፤ ከአንድ ጣት በታች ነበር። ለጋሼ መቀስ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና «ቸኩለዋል» ብቻ አሉ። ጠረጴዛው ሊሸጥ ሲል ከጣቃው ሥር ከቀረው ሰማያዊ ጨርቅ አንድ ቁጥር አንድ ቀሚስ ቆረጡ፤ የመጨረሻቸው ነው። ጫፉን ራሳቸው አጠፉት፤ ስድስት ጣት። ትርፌ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄስ በዛ። ባለቤቱ ቢያይዎት።»

«ልጅሽ ትምህርት ቤት ስትገባ እኔ አልኖር ይሆናል። ላላደገችው ነው አላልሽም?»

እንዳሉትም አልነበሩም። ልጅቷ ግን ቀሚሱን ለበሰችው። መጀመሪያ ጫፉ ከብዷት ስትሮጥ ጉልበቷን ይመታት ነበር፤ ታማርር ነበር። ትርፌ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መስኮት አጠገብ ትቀመጥና አንድ እጥፋት ትተረትራለች፣ ቀስ ብላ፣ ጨርቁ እንዳይቀደድ። የጠቆረው መስመር ይወጣል። የፋብሪካ ቀሚስ ያላቸው ጓደኞቿ በየዓመቱ አዲስ ሲለብሱ እሷ ባለመስመር ነበረች።

ቀሚሱ ለመጨረሻ ጊዜ የተለቀቀ ቀን ልጅቷ አጠገቧ ቆማ ነበር። ትርፌ ክሩን መዝዛ ጫፉን ዘረጋችው። የቀረው ለመዘምዘም የሚበቃ ቀጭን ጠርዝ ነው።

«እማዬ» አለች ልጅቷ፣ ጎንበስ ብላ አይታ። «ትርፉ አለቀ።»

ትርፌ ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ አለሰለሰችው። «አላለቀም» አለች። «ቀሚስ ሆነ።»